አብሮን የሚኖረው እርሾ፦ ካንዲዳ ለምን ያሳምማል? እንዴትስ ይታከማል?

ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ለሰውነታችን እንግዳ አይደለም። ከብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ፣ አንጀትና ቆዳ፣ እንዲሁም ከብዙ ሴቶች ብልት ናሙና ተወስዶ ቢመረመር ይገኛል፤ ዕድሜውንም የሚያሳልፈው በአብዛኛው ማንንም ሳይጎዳ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በካንዲዳ ሲታመም «ከማን ያዘኝ?» ብሎ ከመጨነቁ በፊት «እስከ ዛሬ ዝም ብሎ የኖረውን አሁን ምን ቀሰቀሰው?» ብሎ ቢጠይቅ ወደ እውነቱ ይበልጥ ይቀርባል። ቅባት ወይም ክኒን ሕመሙን ሊያስታግሠው ይችላል፤ ቀስቃሹ ምክንያት ካልተወገደ ግን ሕመሙ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

እርሾ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ሊጥ የሚያቦካው ነው። እርሱም ካንዲዳም ባለ አንድ ሴል ፈንገሶች ስለሆኑ በአንድ የወል ስም ይጠራሉ እንጂ ዝርያቸው የተለያየ ነው፤ በእርሾ የተዘጋጀ ምግብ የበላ ሰው ካንዲዳ ይይዘዋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ካንዲዳ ክብ ወይም ሞላላ ቅርጽ ያለው፣ በዓይን የማይታይ፣ ከጎኑ እንደ እንቡጥ ብቅ የሚል ሌላ ሴል እያወጣ የሚራባ ተሕዋስ ነው። ስሙን በ1923 ያወጣችለት ክሪስቲን ቤርክሃውት የተባለች ኔዘርላንዳዊት ተመራማሪ ስትሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቃሉ የመጣው በላቲን «ነጭ» ከሚለው ነው። በታማሚ አፍ ውስጥ የሚሠራውን ነጭ ሽፋን ያየ ሰው ስሙ ከምን እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

የካንዲዳ ዝርያዎች ከመቶ በላይ ቢሆኑም ሰውን የሚያሳምሙት ጥቂቶቹ ናቸው። በመሪነት የሚጠቀሰው ካንዲዳ አልቢካንስ ነው፤ ካንዲዳ ግላብራታ፣ ካንዲዳ ትሮፒካሊስ፣ ካንዲዳ ፓራፕሲሎሲስና ካንዲዳ ክሩሴይ ይከተሉታል። የዝርያው ጉዳይ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ዝርዝር እንዳይመስል፣ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ለተለመደው መድኃኒት በቀላሉ እንደማይበገሩ ከወዲሁ ማስታወስ ያስፈልጋል። ግላብራታ ለፍሉኮናዞል ደካማ ምላሽ መስጠቱ የተለመደ ሲሆን፣ ክሩሴይ ደግሞ በተፈጥሮው ይህን መድኃኒት ይቋቋማል።

አልቢካንስን አደገኛ የሚያደርገው ዋና ችሎታው ቅርጹን መለወጡ ነው። በሰላሙ ጊዜ ክብ ሴል ሆኖ በሰውነት ገጽ ላይ ይኖራል፤ ሁኔታው ሲመቸው ግን እንደ ክር እየረዘመ በሕብረ ሕዋሱ መካከል ሰርስሮ መግባት ይጀምራል። በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ ይኸው ክር ካንዲዳላይሲን የተባለ፣ የሰውን ሴል ሽፋን የሚበሳ መርዝ እንደሚያመነጭ አሳይቷል። ከዚህም ሌላ ካንዲዳ በሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም በደም ሥር ውስጥ በገባ ቱቦ ላይ ተጣብቆ፣ መድኃኒትና የሰውነት ተከላካዮች በቀላሉ የማይደርሱበት ዝልግልግ ሽፋን ይሠራል። እዚያ ከሰፈረ በኋላ ዕቃውን ሳያወጡ ፈንገሱን ማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሦስቱ ጠባቂዎች

ይህን ያህል ችሎታ ያለው ተሕዋስ በውስጣችን እየኖረ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና የምንሆነው ጠባቂዎች ስላሉን ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች ጎረቤቶቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። በአንጀትና በሴት ብልት የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች፣ በተለይም ላክቶባሲለስ የሚባሉት፣ ቦታውንና ምግቡን በመሻማት፣ አሲድና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን በማመንጨት የካንዲዳን ቁጥር ዝቅ አድርገው ይይዙታል። አንድ ሰው ለጉሮሮ ወይም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ ሲወስድ መድኃኒቱ ጎጂውን ባክቴሪያ ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ጠቃሚዎቹም አብረው ይቀንሳሉ። ፈንገስ ባክቴሪያ ስላልሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ በመሆኑም ጎረቤቶቹ ሲሞቱ ሜዳው ለእርሱ ይለቀቃል። ብዙ ሴቶች አንቲባዮቲክ በጀመሩ በቀናት ውስጥ የሚሰማቸው ማሳከክ ምንጩ ይኸው ነው። በፈንገስ ሕመም ላይ ያለ ሰው በራሱ ግምት ሌላ አንቲባዮቲክ ቢጨምርበት ሕመሙን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ጠባቂ ያልተቀደደ ቆዳና ጤነኛ የውስጥ ሽፋን ነው። ቆዳ ሁልጊዜ ሲረጥብ፣ ሲፋተግና አየር ሲያጣ ይልማል፤ ካንዲዳም በላመው ቆዳ በኩል ይገባል። ቃጠሎ፣ ትልቅ የሆድ ቀዶ ጥገናና ወደ ደም ሥር የሚገባ ቱቦም እያንዳንዳቸው በዚህ አጥር ላይ የተከፈቱ በሮች ናቸው።

ሦስተኛው ጠባቂ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በሁሉም ቦታ ካንዲዳን የሚከላከለው በአንድ ዓይነት ሠራዊት አይደለም። የአፍንና የምግብ ቧንቧን ሽፋን በዋናነት የሚጠብቁት ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሲሆኑ፣ ፈንገሱ ወደ ደም ዘልቆ እንዳይሰራጭ የሚከላከሉት በይበልጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ኤችአይቪ የሚያጠቃው ቲ ሴሎችን ነው፤ ስለዚህ ቫይረሱ በደሙ ያለበትና ሕክምና ያልጀመረ ሰው የአፍና የምግብ ቧንቧ ካንዲዳ ደጋግሞ ሲያሠቃየው፣ በደም ውስጥ የሚሰራጨው ዓይነት ግን በዚያው ልክ አይበዛበትም። የካንሰር ኬሞቴራፒ ደግሞ ኒውትሮፊሎችን ስለሚያመናምን ትልቁ ሥጋት ፈንገሱ ወደ ደም መግባቱ ነው። ሕመሙ የታየበት ቦታ የትኛው ጠባቂ እንደደከመ ለሐኪሙ ይጠቁመዋል ማለት ነው። ሰኔ 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ኋላ ኤድስ የተባለውን በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ባሳወቀበት አጭር ዘገባ የተገለጹት አምስት የሎስ አንጀለስ ወጣት ወንዶች ብርቅ በሆነ የሳንባ ምች የታመሙ ነበሩ፤ አምስቱም ግን በውስጥ ሽፋናቸው ላይ የካንዲዳ ኢንፌክሽን ነበረባቸው። ነጩ ሽፋን ገና ስም ያልወጣለትን በሽታ አስቀድሞ ይናገር ነበር።

ከእነዚህ ጋር መነሣት ያለበት ሌላው ምክንያት የስኳር ሕመም ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ የነጭ የደም ሴሎች ብቃት ይቀንሳል፤ በሽንትና በሌሎች ፈሳሾች ውስጥ የሚገኘው ስኳርም ለፈንገሱ ምግብ ይሆነዋል። ኤስጂኤልቲ2 ከልካይ የሚባሉት የስኳር መድኃኒቶች ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ በመሆናቸው የብልት ካንዲዳ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ፣ ደጋግሞ የሚመለስ ካንዲዳ ያለበት ሰው የደም ስኳሩን ቢያስመረምር ብልህነት ነው፤ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው መጀመሪያ የሚያውቁት በዚህ መንገድ የሆኑ ሰዎች አሉ።

በሴቶች ብልት የሚከሰተው ካንዲዳ

ከሁሉም ዓይነቶች ለሐኪም በብዛት የሚቀርበው ይህ ነው። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚያጋጥማቸው ይገመታል። ይህን ያህል የተለመደ ሕመም በኀፍረት ምክንያት ተደብቆ መኖሩ ያሳዝናል፤ ኀፍረቱ ሴቶችን ከምርመራ አርቆ ወደ ግምት ሕክምና ይገፋቸዋልና። ሕመሙ የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ሐኪሞችም ከአባላዘር በሽታዎች አይመድቡትም፤ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያላደረጉ ሴቶችንም ይይዛል። ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን በዚህ ሕመም ምክንያት ብትጠረጥር ጥርጣሬው የሕክምና መሠረት የለውም።

ምልክቶቹ ብርቱ ማሳከክ፣ ማቃጠል፣ የብልት ከንፈሮች መቅላትና ማበጥ፣ ሽንት ሲነካው የሚለበልብ ስሜት፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ እንዲሁም ብዙ ጊዜ ወፍራም፣ ነጭ፣ እንደ ረጋ ወተት የተቆራረሰና መጥፎ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ናቸው። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን በብልት ግድግዳ ውስጥ ስኳራማ ንጥረ ነገር እንዲከማች ስለሚያደርግ ሕመሙ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉትን፣ በተለይም ነፍሰ ጡሮችን ያዘወትራል፤ ከጉርምስና በፊትና ከማረጥ በኋላ ግን እምብዛም አይታይም። ከማረጥ በኋላ ሆርሞን የምትወስድ ወይም የስኳር ሕመም ያለባት ሴት ከዚህ ውጭ ናት።

ማሳከክና ፈሳሽ ሁሉ ካንዲዳ አይደለም። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ በተባለው ችግር ፈሳሹ ስስና ግራጫማ ሆኖ የዓሣ የመሰለ ሽታ ያመጣል፤ ትራይኮሞናስ የሚባለው ተሕዋስ ቢጫ ወይም አረንጓዴማ፣ አንዳንዴም አረፋማ ፈሳሽ ያስከትላል፤ ለሳሙና ወይም ለሽቶ አለርጂ መሆንም ያሳክካል። የእነዚህ መድኃኒት የተለያየ ነው። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ካንዲዳ ይዞኛል ብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት የገዙ ሴቶችን መርምሮ፣ በትክክል ካንዲዳ ብቻ የተገኘባቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንደሆኑ አመልክቷል። ስለዚህ ምልክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየባት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ትኩሳት ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ያለባት፣ ወይም ሕክምና ወስዳ ያልተሻላት ሴት ሳትመረመር መድኃኒት መግዛቷን አልመክርም።

ምርመራው ቀላል ነው። ከፈሳሹ ጥቂት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንቡጥ ያወጡት ሴሎች ወይም ክሮቹ ይታያሉ። የብልቱ አሲድነትም ይለካል፤ በካንዲዳ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጤነኛው ሆኖ ከ4.5 በታች ይቆያል፣ በባክቴሪያል ቫጂኖሲስና በትራይኮሞናስ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ከፍ ይላል። ጥርጣሬ ካለ ወይም ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነ ፈንገሱን በላቦራቶሪ አሳድጎ ዝርያውን መለየት ያስፈልጋል።

ቀላል ለሆነው ሕመም ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ እንደ ክሎትሪማዞል ወይም ሚኮናዞል ያለ ቅባት ወይም በብልት ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት እንደ ዓይነቱና እንደ መጠኑ ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ሳምንት መጠቀም ነው፤ ሌላው 150 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል አንድ ጊዜ ብቻ መዋጥ ነው። በውጤት ረገድ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ አዞል ከሚባለው ወገን የሆኑትን እነዚህን መድኃኒቶች በአግባቡ ከጨረሱት ሴቶች ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ምልክታቸው ይጠፋል። ሕመሙ የበረታ ከሆነ ሐኪሙ ክኒኑን ከ72 ሰዓት በኋላ ይደግመዋል። ቅባቶቹ ዘይትነት ስላላቸው ኮንዶምን ሊያዳክሙ እንደሚችሉ ብዙዎች አያውቁም፤ በሕክምናው ሰሞን ይህን ማሰብ ተገቢ ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት ግን የሚዋጠውን ፍሉኮናዞል በራሷ መውሰድ የለባትም፤ ለእርሷ የሚመከረው ለ7 ቀን በብልት የሚቀመጥ የአዞል መድኃኒት ነው። ፍሉኮናዞል ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የመጋጨት ጠባይም አለው። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ኃይሉን ያበዛዋል፣ የልብ ምት ሥርዓትን ከሚነኩ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝም አደጋ ሊያስከትል ይችላል። አንዲት ክኒን ናት ተብሎ ከፋርማሲ ባለሙያው መደበቅ አይገባም።

በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲመለስ ተደጋጋሚ ይባላል። ይህ ዓይነቱ ሕመም እንቅልፍ ይነሣል፣ ትዳርን ይፈትናል፣ ሴቲቱንም ሰውነቷ የከዳት ያህል እንዲሰማት ያደርጋል፤ «ትንሽ ማሳከክ ነው» ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ሐኪሙ በመጀመሪያ ዝርያውን አስለይቶ፣ የደም ስኳርና እንደ ሁኔታው ኤችአይቪ አስመርምሮ፣ ሕመሙን ከተለመደው ረዘም ባለ ሕክምና ካጠፋ በኋላ ፍሉኮናዞል በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ወር እንድትወስድ ያዛል። ሕክምናው እስካለ ድረስ አብዛኞቹ እፎይ ይላሉ፤ ካቆሙ በኋላ ግን ግማሽ ያህሉ ላይ ሕመሙ ይመለሳል። ይህን አስቀድሞ መስማት ደስ ባይልም ሴቲቱ ሲመለስባት መድኃኒቱን በትክክል ስላልወሰድኩ ነው ብላ ራሷን ከመውቀስ ያድናታል። በግላብራታ ለተያዙትና ፍሉኮናዞል ላልሠራላቸው በየቀኑ 600 ሚሊ ግራም ቦሪክ አሲድ በብልት ውስጥ ለሦስት ሳምንት ማስቀመጥ ይታዘዛል። ቦሪክ አሲድ በአፍ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል፤ ሕፃናት ከማይደርሱበት መቀመጥ አለበት፣ በእርግዝና ጊዜም አይሰጥም።

ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ብልትን በውስጥ በኩል ማጠብ፣ ሽቶ ያለው ሳሙናና የሚረጭ ነገር መጠቀም መቆም አለበት፤ እነዚህ ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ያባርራሉ እንጂ ፈንገሱን አያጸዱም። አየር የሚያስገባ የጥጥ የውስጥ ልብስ መልበስና እርጥብ ልብስን ቶሎ መቀየር ይጠቅማል። የትዳር ጓደኛን ምልክት ሳይኖረው አብሮ ማከም ግን ሕመሙ እንዳይመለስ እንደሚረዳ አልተረጋገጠም። ወንዱ የብልቱ ራስ ከቀላ፣ ካሳከከ ወይም ነጭ ነገር ከወጣበት እርሱም ለራሱ በቅባት ይታከማል፤ ያልተገረዙና የስኳር ሕመም ያለባቸው ወንዶች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

በአፍ፣ በምግብ ቧንቧና በቆዳ

የአፍ ካንዲዳ በምላስ፣ በጉንጭ ውስጥና በላንቃ ላይ ነጭ ሽፋን ሆኖ ይታያል፤ ሲፋቅ ይነሣል፣ ከሥሩም የቀላ፣ አንዳንዴ የሚደማ ገጽ ይቀራል። የጨቅላ ሕፃናት የመከላከል አቅም ገና ስላልጠነከረ በእነርሱ ላይ የተለመደ ነው። ሕፃኑ የሚጠባ ከሆነና የእናቲቱ የጡት ጫፍ ከቆሰለ ወይም ካቃጠላት ሁለቱም በአንድ ጊዜ መታየት አለባቸው። በአዋቂ ሰው ላይ ያለ ግልጽ ምክንያት ሲከሰት ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ ሐኪም የኤችአይቪ ምርመራ ቢያዝዝ ቅር መሰኘት አይገባም።

ሁለት ምክንያቶች ግን በቀላሉ ይስተካከላሉ። አንዱ ለአስም የሚሳበው ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት ነው። ከሚሳበው መድኃኒት ከፊሉ አፍ ውስጥ ቀርቶ የዚያን አካባቢ መከላከያ ያዳክማል። መፍትሔው ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ መትፋትና መድኃኒቱን ወደ ሳንባ የሚያሳልፈውን ማገናኛ መጠቀም ነው፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን አስሙን ያስነሣል። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ማታ ወልቆና በደንብ ታጥቦ ማደር አለበት፤ ያለዚያ አፉ ቢታከምም ፈንገሱ ጥርሱ ላይ ቆይቶ ይመለሳል።

ቀላል የአፍ ካንዲዳ በኒስታቲን ፈሳሽ ይታከማል። ፈሳሹ በቀን አራት ጊዜ አፍ ውስጥ ተይዞ ቆይቶ ይዋጣል፤ ከፈንገሱ ጋር እስከተነካካ ድረስ ብቻ ስለሚሠራ ወዲያው ቢዋጥ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጠንከር ላለው ፍሉኮናዞል ከ7 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። መዋጥ የሚያሳምም ከሆነ ወይም ምግብ ደረት ላይ የሚቆም ከመሰለ ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አፍን ብቻ የሚነካው ኒስታቲን አይበቃም፣ የሚዋጥ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ከ14 እስከ 21 ቀን ያስፈልጋል።

በቆዳ ላይ ካንዲዳ የሚመርጠው ሙቀትና እርጥበት ያለበትን እጥፋት ነው፦ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጡት ሥር፣ በጣቶች መካከል፣ በሕፃናትም ዳይፐር የሚሸፍነው ቦታ። ቆዳው ደማቅ ቀይ ሆኖ ይላጣል፤ በዋናው ቁስል ዙሪያም ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ተበትነው ይታያሉ፣ ሐኪም ካንዲዳን ከሌላ ሽፍታ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱም ይህ ነው። ቦታውን አድርቆ መያዝና የፀረ ፈንገስ ቅባት መቀባት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ለማሳከክ ተብሎ በየቤቱ የሚቀመጠውን ስቴሮይድ ብቻውን ያለበት ቅባት መቀባት ግን ቅላቱን ለጊዜው ደብቆ ፈንገሱን ያሰፋዋል። እጃቸው ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚውል ሰዎች በጥፍራቸው ዙሪያ የሚወጣባቸው ሥር የሰደደ እብጠትም ብዙ ጊዜ ካንዲዳ ይገኝበታል፤ እጅ ካልደረቀ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም።

መድኃኒቶቹ እንዴት ይሠራሉ?

የፈንገስ ሴል ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ሴል ይቀርባል። ስለዚህ ፈንገሱን ገድሎ ሰውየውን የማይጎዳ መድኃኒት ማግኘት ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። መፍትሔው የተገኘው በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ልዩነቶች ነው። የእኛ ሴል ሽፋን ኮሌስትሮል ሲኖረው የፈንገሱ ግን ኤርጎስቴሮል አለው፤ እንዲሁም ፈንገሱ የእኛ ሴል ጨርሶ የሌለው ጠንካራ ውጫዊ ግድግዳ አለው።

በ1950 ኤሊዛቤት ሊ ሄዘንና ሬቸል ፉለር ብራውን የተባሉ ሁለት ሴት ሳይንቲስቶች ከአፈር በተገኘ ባክቴሪያ ውስጥ ኒስታቲንን አገኙ። አንደኛዋ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሁለተኛዋ በኦልባኒ ሆነው ናሙናዎችን በፖስታ እየተላላኩ ነበር የሚሠሩት። መድኃኒቱን ለኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት መታሰቢያ ሰየሙት፤ ከባለቤትነት መብቱ የተገኘውን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት እንጂ ለራሳቸው አልወሰዱትም። ኒስታቲን ከኤርጎስቴሮል ጋር ተጣብቆ የፈንገሱን ሽፋን ያፈስሰዋል። ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገባ ለአፍ፣ ለአንጀት፣ ለብልትና ለቆዳ ብቻ ያገለግላል። በደም ሥር የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ቢ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ ኃይለኛ ቢሆንም ኩላሊትን ይጎዳልና በጥብቅ ክትትል ይሰጣል። እነ ክሎትሪማዞልና ፍሉኮናዞል የሚገኙበት የአዞል ወገን ደግሞ ኤርጎስቴሮሉ ከነጭራሹ እንዳይሠራ ይከለክላል። ኤኪኖካንዲን የሚባሉት፣ ለምሳሌ ካስፖፈንጂን፣ የሚያጠቁት የሴሉን ግድግዳ ነው፤ እነርሱም በደም ሥር ብቻ ይሰጣሉ።

ወደ ደም ሲገባ

እስካሁን የተነሡት ዓይነቶች ያሠቃያሉ እንጂ በአብዛኛው አይገድሉም። ወደ ደም የገባ ካንዲዳ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያጋጥመውም በአብዛኛው በሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ ሰዎች ላይ ነው፦ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ለረጅም ቀናት የቆዩ፣ ትልቅ የደም ሥር ቱቦ ያላቸው፣ በደም ሥር የሚመገቡ፣ የሆድ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው፣ ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲክ የወሰዱ፣ በኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴላቸው የወረደ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት። ምልክቱ ለአንቲባዮቲክ የማይመለስ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ኢንፌክሽንም ይህንኑ ስለሚያሳይ በቀላሉ ይሳታል። ተሕዋሱን ከደም ናሙና በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚለየው የደም ካልቸር ምርመራም ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ያመልጠዋል። በመሆኑም ሐኪሞች ጥርጣሬያቸው ጠንካራ ሲሆን ውጤት ሳይጠብቁ ኤኪኖካንዲን ይጀምራሉ፤ ቱቦው ከተቻለ ቶሎ ይወጣል፤ ፈንገሱ ወደ ዓይን ደርሶ እንደሆነ ይታያል፤ ደሙ ከፈንገሱ ከጠራበት ቀን ጀምሮም ቢያንስ ለ14 ቀን ሕክምናው ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚሞቱት ብዙ ናቸው።

በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት የ70 ዓመት ሴት ጆሮ የተገኘው ካንዲዳ አውሪስ (አውሪስ በላቲን ጆሮ ማለት ነው) ጉዳዩን አክብዶታል። ይህ ዝርያ ብዙ ጊዜ ፍሉኮናዞልን፣ አንዳንዴም ሌሎቹን መድኃኒቶች ይቋቋማል፤ ከዘመዶቹ በተለየም በአልጋና በሕክምና ዕቃ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ከታማሚ ወደ ታማሚ ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የ19 አደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥ ካንዲዳ አውሪስንና ካንዲዳ አልቢካንስን እጅግ አሳሳቢ ከሚባሉት አራቱ መካከል መድቧቸዋል።

ሁሉም ድካም ካንዲዳ ነውን?

ከላይ ከተገለጹት የተለየ አንድ አባባል በሰፊው ይነገራል። ድካም፣ ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋት፣ መርሳት፣ የስሜት መዋዠቅ ሁሉ በአንጀት ውስጥ «ከመጠን በላይ በበዛ ካንዲዳ» የመጣ ነው፤ መፍትሔውም ስኳርና እርሾ ጨርሶ መተውና ሰውነትን የሚያጸዱ እንክብሎችን መውሰድ ነው ይባላል። ይህ ሐሳብ በ1980ዎቹ ተስፋፋ፤ በ1986 የአሜሪካ የአለርጂና የኢሚዩኖሎጂ አካዳሚ በግምት ላይ የተመሠረተና ያልተረጋገጠ ብሎታል። በ1990 የታተመ ጥናት ደግሞ ይህ ችግር አለባቸው የተባሉ 42 ሴቶችን በኒስታቲንና መድኃኒት በሌለው አምሳያ አነጻጽሮ፣ ኒስታቲን የብልት ምልክቶችን ቢያሻሽልም ድካሙንና ሌላውን አጠቃላይ ስሜት ከአምሳያው የተሻለ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጠዋት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ምራቅ ተፍቶ ክር መሰል ነገር መውረዱን ማየትም ካንዲዳን አይለይም፤ የማንኛውም ጤነኛ ሰው ምራቅ እንደዚያ ያደርጋልና።

ድካሙ ግን እውነተኛ ነው፣ የሚደክመውም ሰው መስማት ይገባዋል። የእኔ ሥጋት ካንዲዳ ነው ተብሎ ለወራት እንክብል ሲዋጥ ትክክለኛው ምክንያት ሳይፈለግ መቅረቱ ነው። ለወራት የዘለቀ ድካም ያለበት ሰው የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የስኳር ሕመም፣ የእንቅልፍ መታወክና የመንፈስ ጭንቀት ይኖርበት እንደሆነ ሐኪም አይቶ እንዲመረምረው ያስፈልጋል።